ባሕር ሲሸሽ፣ ወንዝ ሲጎድል

ደብረ ብርሃን ከባሕር እጅግ የራቀች ደጋ ናት። ስለዚህ «ሱናሚ ለሰሜን ሸዋ ሰው ምኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ 17 ቀን በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ወደ 230 ሺህ የሚጠጋ ሰው የጨረሰው ማዕበልና ከአንኮበር ተዳፋት ላይ ቤት ከነነዋሪው ጠራርጎ የሚያወርደው ናዳ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት ረግቶ የኖረ ከባድ ነገር፣ አንዱ ውኃ ሌላው አፈር፣ ከሥሩ ሲናጋ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይሰጡ አይመጡም። ምልክቱን ያወቀ ሕዝብ ተርፏል፤ ያላወቀው ግን ቆሞ እያየ አልቋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሱናሚ» የጃፓን ቃል ሲሆን የወደብ ማዕበል ማለት ነው። ነፋስ ከሚያነሣው ከተራው ማዕበል ፈጽሞ ይለያል። ነፋስ የሚያናውጠው የባሕሩን ፊት ብቻ ሲሆን፣ በሱናሚ ጊዜ ግን ከወለሉ ጀምሮ እስከ ላይ ያለው ውኃ በሙሉ ይንቀሳቀሳል። ውኃ የሞላ ሣፋ ከሥሩ ቢመታ ውኃው በጠርዙ ላይ ይፈሳል። የባሕር ወለልም በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰብሮ በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ሲል በላዩ ያለው ውኃ አብሮ ይነሣል፤ ከዚያም ወደ ዳር ይጓዛል። ጥልቅ በሆነው ባሕር ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ700 እስከ 800 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የአውሮፕላን ያህል ነው። ከፍታው ግን በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ በመርከብ ላይ ያለ ሰው አያስተውለውም። ወደ ዳር ሲቃረብ የባሕሩ ጥልቀት ይቀንሳል፤ የፊተኛው ውኃ ይዘገያል፣ የኋለኛው ይደርስበታል፣ አንዱም በሌላው ላይ እየተከመረ ይቆማል። በ1997ቱ አደጋ በሱማትራ ደሴት፣ አቼ በሚባለው አገር፣ በአንዳንድ ስፍራ ውኃው ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወጥቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ባሕሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። ውኃው ከዳር ርቆ ይሄድና የባሕሩ ወለል እንደ ታረሰ ማሳ ይገለጣል፤ ዓሣው በደረቁ ይንፈራገጣል። በ1997 ዓ.ም. በታይላንድ ዳርቻ እንዲህ በሆነ ጊዜ ብዙ ሰው ተደንቆ ሊያይ ወረደ፤ ልጆችም ዓሣ ሊለቅሙ ሮጡ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ባሕሩ ተመለሰ። ሁልጊዜ ይሸሻል ማለት አይደለም፤ ያለ ምንም ሽሽት በአንድ ጊዜ የሚመጣበትም አለ። የሸሸ ባሕር ግን ይመለሳል። ደግሞም የመጀመሪያው ማዕበል ብዙ ጊዜ ትልቁ አይደለም፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይብሳሉ።

በታሪክ የታወቁትን ስንመለከት ሞት የመጣው ሰዎች አደጋው አለፈ ብለው በተረጋጉበት ሰዓት እንደ ሆነ ደጋግመን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 በፖርቱጋል የሊዝበን ከተማ ምድር ስትናወጥ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለ ነበረ ብዙ ሕዝብ በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ነበር። ከሚወድቀው ድንጋይ ያመለጠው ሕዝብ ገላጣ ስፍራ ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ማዕበሉ በዚያው ስፍራ መጣባቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በቺሊ በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ የሚበልጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ መጠኑ 9.5 ነበር። ማዕበሉ 15 ሰዓት ያህል ተጉዞ በሃዋይ ወደምትገኘው ሂሎ ከተማ ሲደርስ የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ ከብዙ ሰዓት በፊት ተነፍቶ ነበር። ቢሆንም ከቤቱ ያልወጣ፣ ወጥቶም የተመለሰ፣ ይባስ ብሎ ማዕበሉን ለማየት የሄደ ሰው ነበርና 61 ሰዎች ሞቱ። መሣሪያም ጡሩምባም ነበራቸው፤ ሰሚ ግን ጠፋ።

የሱናሚ ምክንያት የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1883 የክራካታው እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ ከ36 ሺህ በላይ ሰው ያለቀው በአብዛኛው በማዕበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከለኛ የሚባል መንቀጥቀጥ በባሕር ሥር ያለውን ተዳፋት ናደውና ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ለእኛ ተራራማ አገር ትምህርት የሚሆነው ግን በኢጣልያ የደረሰው የቫዮንት አደጋ ነው። በዚያ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ 262 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ተሠርቶ ነበር። በግድቡ ሐይቅ አጠገብ ያለው ተራራ ለሦስት ዓመት ያህል ቀስ በቀስ ሲንሸራተት፣ መሬቱም ከላይ ረጅም ስንጥቅ ሲያወጣ ታየ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ሌሊት የተራራው ጎን በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሐይቁ ገባ። ውኃው በግድቡ አናት ላይ ዘሎ ከታች ያሉትን መንደሮች ጠረገ፤ 2 ሺህ ያህል ሰውም ሞተ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም። ባሕር በሌለበት ተራራ መካከል የባሕር ማዕበል የሚያህል ውኃ ተነሣ ማለት ነው።

ይህን ካነሣን አይቀር ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ምድር ለወራት ስትናወጥ በሕዝቡና በባለሙያዎች ዘንድ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የከሰም ግድብ ነበር። የከሰም ወንዝ የሚነሣው ከእኛው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ ግድቡ የተሠራው ደግሞ በቆላው፣ መንቀጥቀጡ በበረታበት አጠገብ ነው። የሚይዘው ውኃ ወደ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። በዚያ ወቅት ግድቡ ጸንቶ ቆሟል። ሥጋቱ ግን የፈሪ ወሬ ብቻ እንዳልነበረ ከላይ የጠቀስነው ታሪክ ያሳያል።

መንቀጥቀጡስ ከየት ይመጣል? ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአፋፉ ላይ የቆመ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያያል። ከእግሩ ሥር ደጋው ተቆርጦ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ ቆላ ይወርዳል። ይህ ገደል ውኃ ብቻ የቦረቦረው አይደለም። የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ የምሥራቁ ወገን ከምዕራቡ እየራቀ፣ መካከሉም እየሰመጠ የተፈጠረ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ የተባለውም ስለዚህ ነው። የመራቁ ፍጥነት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የጣት ጥፍር እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ነገር ግን ዓለቱ ለዓመታት ተወጥሮ ይቆይና በአንድ ቀን ይላቀቃል። በ2017ቱ ደግሞ ከምድር ውስጥ የቀለጠ ዓለት በስንጥቁ መካከል እየገባ መሬቱን ሲገፋው ነበር። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ መጠኑ 6 ነበር። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል፤ የምድሩ መናወጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር።

ስለ መጠኑ አንድ ቃል እንጨምር፤ ቁጥሩ ሰውን ያሳስታልና። በመሣሪያ ልኬት ከ6 ወደ 7 ሲወጣ የሚላቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ የሱማትራው 9.1 ከእኛው 6 የሚበልጠው በእጥፍ አይደለም፤ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ነው። በእኛ ምድር እንደዚያ ያለ ግዙፍ መንቀጥቀጥ አይጠበቅም። ታዲያ ለምን እንጨነቃለን? ቢባል፣ በእኛ አገር የሚገድለው የመንቀጥቀጡ ትልቅነት ሳይሆን የተዳፋቱ ቁልቁለትና የቤቱ ግድግዳ ስለሆነ ነው።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። በ1835 ዓ.ም. ዝናብና የምድር መናወጥ ተባብረው ተዳፋቱን ናዱት፤ ቤቶችም ከነነዋሪዎቻቸው ወደ ገደሉ ወረዱ። ይህን በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈውታል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ከግንቦት ጀምሮ ለወራት የቆየ ተከታታይ መንቀጥቀጥ በካራ ቆሬና በማጀቴ ደረሰ። ትልቁ መጠኑ 6 ተኩል ገደማ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈጽሞ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ ያህሉ ወደቁ። ከካራ ቆሬ በስተ ሰሜን 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የደሴ መንገድ በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። የሞተው ሰው ቁጥር ከጥፋቱ ስፋት ጋር ሲተያይ ጥቂት ነበር። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከደብረ ሲና በታች ይዛባ ወይን በተባለው ስፍራ ሰፊ መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ገበሬ ቤቱንና እርሻውን አጥቷል። የይዛባ ወይኑን ዝናብ ነው ያመጣው፤ የቆየውና የተበጣጠሰው ዓለት ውኃ ጠጥቶ ከበደና ሄደ።

አሁን ወደ ምልክቱ እንመለስ። በባሕር ዳር የሚሸሸው ውኃ በእኛ ተዳፋት ላይ ወንድም አለው። ዝናብ እየዘነበ የወንዙ ወይም የጅረቱ ውኃ በድንገት ቢጎድል፣ ወይም ያለ ወትሮው ቢደፈርስ፣ ከላይ መሬት ተንዶ ውኃውን ዘግቶት ይሆናል። የተዘጋ ውኃ ይጠራቀማል፤ ከዚያም ከነጭቃው፣ ከነቋጥኙና ከነግንዱ ይለቀቃል። በባሕር ዳር እንደ ታየው ሁሉ እዚህም የሰው ጠባይ ወርዶ ማየት ነው። «ወንዙ ጎደለ፣ ለመሻገር ተመቸ» ብሎ ከብቱን የሚነዳ እረኛ ከታይላንዶቹ ልጆች አይለይም። በዚያ ሰዓት ወንዙን ትቶ ወደ ጎን፣ ጠንካራ ወደ ሆነው ሸንተረር መውጣት ይገባል። በቦረቦሩ መንገድ ቁልቁል መሮጥ ግን አይጠቅምም፤ ጭቃው ከሰው ይፈጥናል።

ሌሎቹ ምልክቶች ቀናትና ወራት ይሰጣሉ። ከቤት በላይ ባለው መሬት ላይ ከተዳፋቱ ጋር አግድም የሚሄድ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ቀጥ ብሎ የበቀለ ባሕር ዛፍ ወይም አጥር ሲያዘነብል፣ በደኅና ይዘጋ የነበረ በር ሲጠብቅ፣ ምንጭ ባልነበረበት ውኃ ሲፈልቅ ወይም የነበረው ሲጠፋ፣ ተራራው መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። ስንጥቁን ውኃ እንዳይገባበት በጭቃ አፈር መድፈንና ከላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ጊዜ ይገዛል እንጂ አያድንም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቀን ከሌሊት ሲያከታትል በእንዲህ ያለ ቤት ማደር አይገባም። ይህን ምክር መስጠት ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ገበሬው ከብት፣ እህልና ደጁን ትቶ የት ይሂድ? እንግዲህ ጉባኤዎች ሊያስቡበት የሚገባው ከክረምት በፊት ነው፤ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ጎረቤት ቤት እንደሚያድር፣ የከብቱ በረት የት እንደሚሆን አስቀድሞ የተነጋገረ መንደር በሌሊት አይደናገርም።

ከሁሉ ይልቅ ከባዱ ነገር የሚከተለው ነው። በአገራችን ኡኡታ ተሰምቶ የማይደርስ ጎረቤት የለም፤ ይህም የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤቱ፣ የቀበሌው አስተዳደር፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለማውጣት ተሯሯጡ። በመቆፈር ላይ ሳሉ ተራራው ሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። እንግዲህ ምን እንላለን? አትሂዱ ማለት አይቻልም፤ ብንልም የሚሰማን የለም። ነገር ግን ቆፋሪው በቁጥር ይወሰን፤ ሌላው ሕዝብ ከተዳፋቱ መንገድ ወጥቶ ከጎን ይቁም። ዓይኑ ደኅና የሆነ ሁለት ሰው የተናደውን ቦታ አናት የሚመለከት ስፍራ ላይ ይቀመጥ፤ አፈር ሲፈስ ወይም ድንጋይ ሲንከባለል ባየ ጊዜ ይጩኽ፣ ቆፋሪውም መሣሪያውን ጥሎ ወደ ጎን ይሽሽ። የሂሎው ተከታታይ ማዕበልና የጎፋው ሁለተኛ ናዳ አንድ ትምህርት ነው የሚሰጡን።

በፕሮጀክት ሥራ ላይ ያላችሁ ሠራተኞች ደግሞ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ ወይም የእህል መጋዘን ስታሠሩ ቦታውን አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ለመሠረት ተብሎ የተዳፋቱን እግር መቁረጥ ተራራውን ከሥሩ መንቀል ነው። ስለ ግድግዳውም እንደዚሁ። በደጋችን የተለመደው በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ቤት ብርድ ይከላከላል፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግን ድንጋዩ ከድንጋይ ይላቀቅና በተኛው ሰው ላይ ይወርዳል። በእንጨትና በጭቃ የተማገረው ቤት ይወዛወዛል እንጂ እንደዚያ አይደረመስም፤ ቢወድቅም ክብደቱ ያነሰ ነው። ድንጋይ ግድ ከሆነ በግድግዳው ዙሪያ በየመካከሉ ዙሪያውን የሚያስር እንጨት ማስገባት፣ ማዕዘኖቹን በረጃጅም ድንጋይ ማቆላለፍ፣ ከበርና ከመስኮት በላይ ጠንካራ አግዳሚ ማድረግ ይጠቅማል። ወጪው ጥቂት ነው። የሕንፃ ተቋራጩ ቢያጉረመርምም አትልቀቁት።

«ዛሬ ማታ በዚህ ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ ሲነዛ የምትሰሙ ከሆነ አትደንግጡ። የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል ባለሙያ እስከ ዛሬ የለም። የሚቻለው ከዚህ በፊት የት እንደ ደረሰ ማወቅ ነው። በዚህ ረገድ አንድ የሚያስደንቅ ምሳሌ አለ። ሲሜሉዌ የተባለችው ደሴት ለ1997ቱ መንቀጥቀጥ መነሻ እጅግ ቅርብ ነበረች። ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ የሞቱት ግን ሰባት ብቻ እንደሆኑ ተመዝግቧል። ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1907 በደረሰ ማዕበል ብዙ ሰው አልቆባቸው ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ ለልጅ ልጆቻቸው «ምድር ስትናወጥ፣ ባሕሩም ሲሸሽ ወደ ኮረብታ ሩጡ» እያሉ ለ97 ዓመት ሲነግሩ ኖረዋል። ለዚህም «ስሞንግ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ጡሩምባም አልነበራቸውም። በዚያው ቀን ያው ማዕበል ከሰባት ሰዓት ያህል በኋላ ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሶማሊያ የሐፉን ዳርቻ ደርሶ ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገደለ። በኬንያ ግን ወሬው ቀድሞ ደርሶ ሕዝቡ ከባሕሩ ዳር እንዲነሣ ስለ ተደረገ የሞተው አንድ ሰው ነበር።

ይህ ዓይነቱ ትዝታ በመጽሐፍ ቅዱስም ይገኛል። አሞጽ መጽሐፉን ሲጀምር ዘመኑን የሚያመለክተው ከምድር መናወጥ ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ዘካርያስም ያንኑ መናወጥ፣ ሕዝቡም እንዴት እንደ ሸሸ ያነሣል።

በማጀቴ፣ በካራ ቆሬና በአካባቢያቸው በ1953 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሆናቸው ልጆች ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። በይዛባ ወይን ያሉት ደግሞ ገና ጎልማሶች ናቸው። በየአጥቢያችሁ እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች ካሉ ወጣቶቹ ደብተር ይዘው ሄደው ይጠይቋቸው። የትኛው ተዳፋት ቀድሞ ተሰነጠቀ? የትኛው ምንጭ ደረቀ፣ የትኛውስ አዲስ ፈለቀ? የቆመው ቤት ከምን የተሠራ ነበር? ሕዝቡ ያደረው የት ሜዳ ላይ ነው? ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ምን ተሠርቷል?